ስለ ትንሽ የባሕር ውኃ ገንዳ ማጣሪያ

በጅቡቲ ከተማ የሚቀመጥ ሰው በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ያየውን የዓሣና የኮራል ውበት በቤቱ የመስተዋት ገንዳ ለማኖር ቢመኝ አያስደንቅም። ነገር ግን ገንዳው ትንሽ ከሆነና ከሥሩ ሌላ የማጣሪያ ገንዳ ከሌለው፥ ማጣሪያውን አስቦ መምረጥ ያስፈልጋል፤ ውኃው ጥቂት ሲሆን ጥፋቱ ፈጣን ነውና።

የማጣሪያ ሥራ ቆሻሻን መያዝ ብቻ አይደለም። ከዓሣውና ከተረፈ ምግቡ የሚወጣውን መርዛም አሞኒያ፥ በማጣሪያው ውስጥ የሚያድሩ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትራይት፥ ቀጥሎም ጉዳቱ ወደ ቀለለው ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህም እንደ ዓሣው ሁሉ ኦክስጅን ይሻሉ።

ለእንዲህ ያለ ገንዳ በብዛት የሚመረጡት ማጣሪያዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው የተዘጋ ጣሳ መሰል ነው፤ ብዙ ውኃ ያጣራል፤ ዳሩ ግን መብራት ለሰዓታት ሲቋረጥ በውስጡ ያለው ኦክስጅን ያልቅና ባክቴሪያዎቹ ይሞታሉ፤ መብራት ሲመለስም የተበላሸው ውኃ ወደ ገንዳው ይፈሳል። ሁለተኛው በገንዳው ጠርዝ የሚንጠለጠለው ነው፤ ውኃውን እንደ ፏፏቴ ሲያፈስ አየር ይቀላቅልለታል፤ ለማጠብም ይቀላል። የሞቀ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን አነስተኛ ስለሆነ፥ ለጅቡቲ ሙቀት እኛ የምንመርጠው ይህን ነው።

ከዚህ ጋራ ባክቴሪያ የሚያድርበት ቀዳዳው የበዛ ድንጋይ በገንዳው ይቀመጥ፤ በየሳምንቱም ከውኃው ከመቶ 10 እጅ ይለወጥ። ተንኖ የጎደለው ግን ጨው በሌለው ንጹሕ ውኃ ይሞላ፤ ጨው አይተንምና። መብራት ለጠፋ ጊዜ በባትሪ የሚሠራ አየር መንፊያ ማዘጋጀትም አይዘንጋ። በባሕር ያለ ዓሣ ክፉ ውኃ ሲያገኘው ይሸሻል፤ በመስተዋት የተዘጋው ግን ከባለቤቱ በቀር ጠባቂ የለውም።