የከተማ ሱቆች ከስልክ ገበያ ጋር በምን ይወዳደሩ?

የወረዳ ከተማ ነጋዴ ተፎካካሪ ዛሬ ጎረቤቱ ብቻ አይደለም። በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚሸጡ ነጋዴዎች ዕቃቸውን አዲስ አበባ አስቀምጠው ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ላለ ገዥ ያቀርባሉ። ገንዘቡ በ2013 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ቴሌብር ወይም በባንክ ይላካል፤ ዕቃው በአውቶቡስ ተጭኖ መናኸሪያ ይደርሳል። ጫማና ልብስ በለመዱት በዚህ መንገድ አሁን የውኃ መሳቢያ ሞተርና የአትክልት ዘርም መጓዝ ጀምረዋል።

ባለሱቁ በዋጋ ብቻ ልፎካከር ቢል አያዋጣውም። የሱቅ ኪራይ የሌለበት ሻጭ ዋጋውን ከእርሱ በታች ሊያወርድ ይችላል። ብልጫው ያለው ዕቃው በእጁ፣ ገዥውም በፊቱ በመሆኑ ነው።

የሽንኩርት ዘርን እንመልከት። ይህ ዘር ከብዙዎቹ የአትክልት ዘሮች ይልቅ የመብቀል ኃይሉን ቶሎ ያጣል፤ ሙቀትና እርጥበት ባለበት ስፍራ ከተቀመጠም ይበልጥ ይፈጥናል። በስልክ የሚታየው ፎቶግራፍ የማሸጊያውን ውበት እንጂ የዘሩን ዕድሜ አያሳይም። አርሶ አደሩ ጉዳቱን የሚያውቀው መደብ አዘጋጅቶ፣ ዘርቶና አጠጥቶ ችግኙ ሳይወጣ ሲቀር ነው። ያን ጊዜ የባከነው የዘሩ ዋጋ ብቻ ሳይሆን የመስኖ ወቅቱ ጭምር ነው። ባለሱቁ ግን አዲስ ዘር ባስገባ ቁጥር 100 ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ቢጠቀልል፣ እርጥበቱንም ቢጠብቅ፣ በ12 ቀን ገደማ ስንቱ እንደበቀለ ለገዥው ማሳየት ይችላል። ወጪው ቁራጭ ጨርቅ ነው። ሰማንያው በቅሎ ያየ ገበሬ ጥቂት ብር ቢጨምር የሚቆጨው አይመስለኝም።

የውኃ ሞተርም እንዲሁ ነው። ገዥው ፊት አስነስቶ የሚያሳይ፣ መለዋወጫውን የሚያስቀምጥና ጠጋኝ የሚያገናኝ ሱቅ፣ ሞተሩ በጥር ቢቆም ማሳው እንዳይደርቅ ያደርጋል።

ይሁንና ደንበኛን ወደ ስልክ የገፋው የሱቆቻችን አያያዝም ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በግልጽ እንዲለጥፍ ያዛል፤ ሸማች ጥራት ስለመረመረ ወይም በዋጋ ስለተከራከረ ብቻ እንዲገዛ እንዳይገደድ፣ በትሕትናና በአክብሮትም እንዲስተናገድ መብት ይሰጣል። በተግባር ግን ዋጋው የገዥው አለባበስ ታይቶ የሚነገርበት፣ «ካልገዛህ አትንካ» የሚባልበት ሱቅ ጥቂት አይደለም። (የስልክ ሻጮችም «ዋጋ በውስጥ መስመር» ሲሉ ከዚህ ብዙም አይሻሉም።) ዋጋ መለጠፍና ደረሰኝ መስጠት ማስታወቂያ ከማሠራት ይረክሳል።

ስልኩንም ለሌሎች መተው አይገባም። ከገበያው ቀን በፊት የገባውን ዕቃና ዋጋውን በቴሌግራም የሚያሳውቅ ባለሱቅ፣ ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ የሚመጣውን ገዥ ከከንቱ ድካም ያድነዋል።

ከሩቅ የሚያዝዝ ገበሬም ቢያንስ ክፍያውን ዕቃውን መናኸሪያ ላይ ከፍቶ ካየ በኋላ ለመፈጸም ይስማማ፤ ዘር ከሆነ የምርት ዘመኑ የተጻፈበትን ማሸጊያ ችግኙ እስኪበቅል ድረስ አይጣለው።