ችግኝ የሚሸጥ ሁሉ ፓኬቱን ያሳይ!

ለሰፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፦

ጥር በመጣ ቁጥር በየጓሮው የሚሰማው ሮሮ አንድ ነው። «ትልልቁ ሃይብሪድ ቲማቲም ነው ተብዬ ገዛሁ፤ ይኸው አንዱ እግር ሎሚ የሚያክል፣ አንዱ እግር ለውዝ የሚያክል አፈራልኝ» ይባላል። ከዚያ ጥፋተኛ ፍለጋ ይጀመራል። አንዱ አፈሩ ነው ይላል፣ አንዱ ውሃው ነው ይላል፣ ሌላው ደግሞ የጎረቤት ዓይን ነው ይላል።

ኧረ አፈራችንን አንስደብ! የቆቦ ሜዳ የቆቦ ጊራናን የከርሰ ምድር ውሃ ሲያገኝ ሽንኩርትና ቲማቲም እንዴት እንደሚሰጥ አገር ያውቃል። በአንድ መደብ፣ በአንድ ውሃ ያደገ ችግኝ ፍሬው እንዲህ ከተዘበራረቀ፣ ከአፈሩ በፊት መጠየቅ ያለበት ዘሩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃይብሪድ ወይም ድቅል የሚባለው ዘር ጠባያቸው የታወቀ ሁለት ወላጆች ተዳቅለው የሚገኝ የመጀመሪያ ትውልድ ነው። ይህ ትውልድ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ ቁመቱም፣ ፍሬውም፣ በሽታ መቋቋሙም። የምንከፍለው ለዚህ አስተማማኝነቱ ነው። ከእሱ ፍሬ ተጨምቆ የደረቀው ዘር ግን ሁለተኛ ትውልድ ነው። አንዱ የአባቱን ወገን ይመስላል፣ አንዱ የእናቱን ወገን፣ አንዱ ማንንም አይመስልም። በሽታ መቋቋሙም እንዲሁ ይበተናል።

ታዲያ ገበያችን ላይ አንዳንድ ሰዎች የሚሸጡት ይህንኑ ሁለተኛውን ትውልድ ነው። «የምን ዘር ነው?» ሲባሉ «ከሃይብሪድ የወጣ ነው» ይላሉ። በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች እንደሚባለው መሆኑ ነው። አጎቱን አልጠየቅንም!

«ዘር ዘር ነው፤ አባቶቻችን ደጋሊቱንና ጅጉርቲውን ማሽላ ከአውድማ መርጠው ሲዘሩ አልኖሩም ወይ?» የሚሉም አሉ። ኖረዋል። ያ ማሽላ ግን በብዙ ዘመን ምርጫ ጠባዩ የረጋ ነው። ድቅሉን የቢኤች 660 በቆሎ የሚዘራ ገበሬ ግን ዘሩን በየዓመቱ አዲስ እንደሚገዛ ማን ያጣዋል? ለበቆሎ ያወቅነውን ለቲማቲም ለምን እንረሳዋለን?

«እየመረጥኩ ብዘራው አይረጋም ወይ?» ለሚለውም መልስ አለ። ይረጋል። ማርግሎብ የሚባለው ክብ ቲማቲም ራሱ በአሜሪካ ማርቬልና ግሎብ የተባሉ ሁለት ዝርያዎች ተዳቅለው፣ ከዚያም ትውልድ በትውልድ ተመርጦ እ.ኤ.አ. በ1925 የወጣ ነው። ይህ ግን የተመራማሪ ሥራ ነው። ብዙ እግር ተክሎ አብዛኛውን መጣል፣ ይህንንም ለዓመታት መደጋገም ይጠይቃል። አሥር እግር ተክላ ከዚያው ለወጥ የምትቀጥፍ እናት የምትጥለው የላትም።

«ድቅል በየዓመቱ እንድንገዛ የታሰርንበት ገመድ ነው» የሚሉት ወንድሞች ደግሞ ግማሽ እውነት አላቸው። ዘር ማስቀመጥ የሚፈልግ ሰው ከመልካሳ ምርምር ማዕከል የወጣውን መልካሾላን ወይም ማርግሎብን ይትከል። እነዚህ የረጉ ናቸው፤ ከጤነኛው እግር የተለቀመ ዘር መልሶ ያንኑ ይሰጣል። ይህን መርጦ የተከለ ሰው አልተሞኘም። የምንቃወመው ሁለቱን ቀላቅሎ በአንድ ስም መሸጥን ነው።

ለመሆኑ ሰው ለምን ይታለላል? የታሸገው ፓኬት ውድ ስለሆነና ለአንድ ጓሮ ስለሚበዛ ነው። እስቲ እናስላው። 1 ግራም የቲማቲም ዘር 300 ያህል ፍሬ ይይዛል። ለአንድ ቤት 12 ችግኝ ብንመድብ 20 ቤት 240 ይወስዳል፤ የቀረው ለሚጠፋውና ለማይበቅለው መጠባበቂያ ይሆናል። ለአንድ ሰው የከበደው ለ20 ቤት ቀላል ነው!

በመሆኑም የሚከተለውን እንጠይቃለን፦

1ኛ. ችግኝ ሻጭ ፓኬቱን ያሳይ። ስሙና ድቅል መሆኑ ይነበብ። ቪ፣ ኤፍ፣ ኤን የሚሉት ፊደላት ካሉ እሰየው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሁለት ዓይነት የማጠውለግ በሽታን፣ ኤን ደግሞ ሥር የሚያሳብጠውን ትል መቋቋሙን ያመለክታሉ። ፓኬት የሌለው «ሃይብሪድ» ብሎ አይሽጥ።

2ኛ. ሃያ ሃያ ቤት ሆነን አንድ ፓኬት እንግዛ፤ በአንድ መደብ እናፍላ።

3ኛ. መስከረም ይፈላ፣ ጥቅምት ይዛወር። የቀኑ ሙቀት ከ32 ዲግሪ፣ የሌሊቱ ከ21 ዲግሪ ሲያልፍ ቲማቲም አበባውን ያረግፋል። የእኛ ቆላ የሚራራለት ከኅዳር እስከ ጥር ነው።

4ኛ. ጥሩ ዘር ሰነፍ አይወድም። ትልልቅ ፍሬ የሚሰጠው ዓይነት ካስማ ይፈልጋል፤ መሬት ላይ ከተኛ ይበሰብሳል። ውሃው በልክና በየጊዜው ይሁን። ሳምንት አስጠምቶ አንድ ቀን ማጥለቅለቅ የፍሬውን ቂጥ ያጠቁራል። በ2004 ዓ.ም. አገራችን የገባው የቲማቲም ቅጠል ሰርሳሪ ትልም ድቅል ብሎ አይምርም፤ የተሰረሰረውን ቅጠል ቶሎ ቀንጥሶ መቅበር ነው።

አንዲት እናት በጀሪካን ተሸክማ ሦስት ወር ያጠጣችው ውሃ በውሸት ችግኝ ሲባክን ዝም ብለን አናይም። የሰው ላብ መቀለጃ አይደለም! በመጪው ስብሰባ ለአንድ ፓኬት የሚሆን ስማችሁን አስመዝግቡ።

ከሰላምታ ጋር
የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ቆቦ