የመርካቶ ሰው አፉን ለማን ያሳይ?

ከሰዓት በኋላ ዱባይ ተራ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል፣ ከዕቃው ክምር ጀርባ ጉንጩን ወጥሮ የተቀመጠ ነጋዴ ማየት ብርቅ አይደለም። ጫቱ የሚያርፈው ሁልጊዜ በለመደው ጎን ነው። ሲጋራው ይከተላል፤ ሲመሽ ደግሞ የጨብሲው መጠጥ።

ጫት ብቻውን የአፍ ካንሰር ያመጣል ወይ የሚለው ገና አከራካሪ ነው። የመን ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች ግን በአዘውታሪ ቃሚዎች አፍ ውስጥ፣ ልክ ጫቱ በሚያርፍበት ጎን፣ ነጭ ሻካራ ምልክት አግኝተዋል። ትምባሆና አልኮል አያከራክሩም። ሁለቱ ሲገናኙ ጉዳቱ አይደመርም፣ ይባዛል።

በሽታው የሚወዳቸው ቦታዎች አሉ። ቀዳሚው የምላስ ጎን ነው፤ ከዚያ ምላስ ሲነሳ ከሥሩ የሚታየው ለስላሳ ወለል። ሁለቱም ሰው በመስታወት ፊት ጥርሱን ሲያይ የማይደርስባቸው ናቸው። ዕድሜውን ፀሐይ ላይ ለሚውል ሰው የታች ከንፈርም ያሰጋል። ትምባሆ ጉንጭ ውስጥ በሚያዝባቸው በህንድና በፓኪስታን ደግሞ የጉንጭና የድድ ካንሰር ይበዛል።

እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ከ377 ሺህ በላይ ሰዎች የከንፈርና የአፍ ካንሰር ተገኝቶባቸዋል፤ ከ113 ሺህ የሚበልጡት ሴቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ በተደረገ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙት ከወንዶች 8.1፣ ከሴቶች 1.8 በመቶ ነበሩ። በዚህ የተነሳ ብዙ ሰው ነገሩን የወንድ በሽታ አድርጎ ይቆጥረዋል።

ይህ አስተሳሰብ ሴቶችን ይጎዳል። ሲጋራም መጠጥም ቀምሰው በማያውቁ፣ በተለይ ዕድሜያቸው በገፋ ሴቶች ላይ፣ ካንሰሩ የምላስ ጎንና ድድ ላይ ይወጣል። የድዱ ደግሞ የጥርስ ሕመም ይመስላል። ጥርሱ ይነቃነቃል፤ ሴትየዋ ቅርንፉድ ትነክሳለች፣ ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝታ ትውጣለች፣ በመጨረሻ ጥርሱን ታስነቅላለች። ቁስሉ ግን አይደርቅም። መጀመሪያ ላይ ስለማያም ማንም አይጠረጥረውም፤ ሲያም ብዙ ጊዜ ወደ አንገት ንፍፊት ዘልቋል።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው ትምባሆ መሸጥን ከልክሏል፤ የሲጋራ ፓኮ ላይም ማስጠንቀቂያ እንዲታተም አዟል። መልካም ሕግ ነው፤ ግን ዛሬ አፉ ውስጥ ቁስል ላለበት ሰው አይደርስለትም። ለእሱ የሚደርሰው የጥርስ ሐኪሙ ነው። ምላሱን በፋሻ ጨርቅ ይዞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሳብ አድርጎ ማየት፣ ከሥሩ መመልከት፣ ጉንጭና ድዱን በጣት መዳሰስ ጥቂት ደቂቃ እንጂ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። መርካቶ ያለበት የአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የጥርስ ክሊኒኮች ይህን ጥርስ ለማስነቀል ለመጣ ሁሉ፣ ሳይጠየቁ፣ ሊያደርጉት ይገባል።

በሁለት ሳምንት ያልዳነ ቁስል፣ ተፍቆ የማይለቅ ነጭ ምልክት፣ በተለይም ቀይ ምልክት ያለበት ሰው፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ሱቁን ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ ሆስፒታል ይሂድ። ናሙና ይወሰድልኝ ብሎም ይጠይቅ።