ለበጎ ፈቃድ ጸሐፊዎች ማን መልስ ይስጣቸው?

የድረ ገጽ ሥራ የሚማር ሰው ኤምዲኤን የተሰኘውን የሞዚላ መማሪያ ሳይከፍት አይውልም። እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረው ይህ ስብስብ ለዓመታት ማንም ገብቶ የሚያርመው ነበር። በ2020 ግን ሞዚላ 250 ያህል ሠራተኞቹን ሲቀንስ ከኤምዲኤን ጸሐፊዎችም ብዙዎቹ ተሰናበቱ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጽሑፎቹ ወደ ጊትሃብ ተዛወሩ። ከዚያ ወዲህ በፈቃደኝነት የሚላክ ጽሑፍ ገምጋሚ ሳያየው አይወጣም።

ላኪው ብዙ፣ ገምጋሚው ጥቂት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን መልስ የሚሰጠው ማሽን ሆኗል። የማይከፈት ሊንክ ካለ፣ የጽሑፉ አቀማመጥ ከደንቡ ከወጣ፣ ላኪው በደቂቃዎች ውስጥ ይነገረዋል። ይህን እደግፋለሁ። ጽሑፉን ልኮ ለሳምንታት መልስ ያጣ ሰው ሁለተኛ አይልክም፤ ገምጋሚውም ጊዜውን ነጠላ ሰረዝ በመልቀም መጨረስ የለበትም።

ችግሩ ማሽኑ ከዚህ አልፎ ዳኛ ሲሆን ነው። አሮን ሃልፋከርና ባልደረቦቹ በእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ላይ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተሙት ሥራ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ይመስለኛል። ከ2007 በኋላ የንቁ አርታዒዎች ቁጥር የቀነሰው፣ በአብዛኛው በቅን ልቦና የመጡ አዲስ ገቢዎች ሥራቸው እየተሰረዘባቸው ስለሄዱ ነው ይላሉ። ጥራት ለመጠበቅ የተሠሩት መሣሪያዎችም በዚህ ውስጥ ድርሻ ነበራቸው። ልብ በሉ፤ መሣሪያዎቹ አጥፊዎችን በመያዝ በኩል ሥራቸውን በሚገባ ይሠሩ ነበር።

ዛሬ ደግሞ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ መጥቷል፤ ሰው የጻፈው የሚመስል አስተያየት ይጽፋል። ኤምዲኤን ራሱ በ2023 አጋማሽ የኮድ ምሳሌዎችን ለአንባቢ የሚያብራራ እንዲህ ያለ ቁልፍ አስገብቶ ነበር። ከማብራሪያዎቹ ስህተት የሆኑ ሲገኙ ተቃውሞ ተነሳ፤ ቁልፉም በቀናት ውስጥ ወረደ። ያኔ ስህተቱን የያዙት ነገሩን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ያው ማሽን ለጀማሪ ጸሐፊ “ማብራሪያህ ልክ አይደለም” ቢለውስ? ጀማሪው አይከራከርም፤ ትክክል የነበረውን ያበላሸዋል፣ ወይም ትቶት ይሄዳል።

በአማርኛ እንዲህ ያለ መማሪያ ለማዘጋጀት ለሚያስቡ ጉዳዩ ከዚህም ይከብዳል። “ፀሐይ”ንም “ጸሐይ”ንም የሚጽፍ አለ። አንዱን ብቻ የተማረ ማሽን ሌላውን በቀይ ያሰምርበታል። ጸሐፊው ስለ ኮዱ መልስ ሲጠብቅ ስለ ፊደል ክርክር ይገጥመዋል።

በእኔ አስተያየት ማሽኑ ማሳየት የሚችለውን ብቻ ይናገር፦ ይህ ኮድ ስንሞክረው በዚህ መስመር ላይ ቆመ፣ ይህ ሊንክ አይከፈትም። ጽሑፉ ለተማሪ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ሰው ይወስን፤ ስሙንም ከውሳኔው ሥር ያስፍር፣ ጸሐፊው መልሶ ይጠይቀው ዘንድ። ይህ ገንዘብ ይጠይቃል። ኦፕን ዌብ ዶክስ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 የተቋቋመው ከኩባንያዎችና ከግለሰቦች ድጋፍ አሰባስቦ ለኤምዲኤን ዓይነት ሥራ ባለሙያ ለመቅጠር ነው። ከማሽኑ የሚተርፈው ወጪ መዋል ያለበት እዚያ ላይ ይመስለኛል።