ትን የሚለን ለምንድን ነው?

በዛሬው አምዳችን ሁላችንም ስለምናውቀው ስለ ትንታ እንጨዋወታለን።

ሻይ እየጠጣን ስንስቅ ትን ይለናል። አንዳንዱ ሰው «ማነው ስሜን ያነሳው?» ይላል። ነገሩ ግን ከስም መነሳት ጋር ግንኙነት የለውም። አየርም ምግብም በአንድ ጉሮሮ ያልፋሉ። ከዚያ በታች መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ከፊት የአየር ቧንቧ፣ ከኋላ የምግብ ቧንቧ።

እስቲ ጣታችሁን ማንቁርታችሁ ላይ አድርጉና ምራቃችሁን ዋጡ። ወደ ላይ ወጥቶ ተመለሰ አይደል? በዚያች ቅጽበት የድምፅ አውታሮች ይገጥማሉ፣ የአየር ቧንቧው ክዳን ይደፋል፣ ትንፋሽም ለ1 ሴኮንድ ያህል ወይም ከዚያ ላነሰ ጊዜ ይቆማል። ከዋጥን በኋላ አብዛኛውን ጊዜ የምናደርገው አየር ማስወጣት ነው። ስለዚህ በመንገድ የቀረ ጠብታ ካለ ወደ ውጭ ይገፋል እንጂ ወደ ሳንባ አይሳብም።

ይህን ሁሉ የሚያዘው በአንጎላችን ግርጌ ያለው ክፍል ነው። ጠብታ ጉሮሮን ሲነካ ነርቮች መልእክት ያደርሳሉ፤ አንጎልም «ዋጥ» ወይም «ሳል» ብሎ ያዛል። ተኝተን ምራቃችንን የምንውጠው ለዚህ ነው። ሮጦ የመጣ ልጅ እያለከለከ ውሃ ሲጠጣ ግን መተንፈስና መዋጥ ይሻማሉ፤ ትን ይለዋል። ትንሽ እረፍ በሉት፣ ከዚያ ይጠጣ።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር ልምጣ። አራስ ልጅ ፈሳሽ ወደ አየር ቧንቧው አፍ ሲደርስበት እንደ ትልቅ ሰው ወዲያው ላይስል ይችላል። ይውጣል፣ ትንፋሹንም ይይዛል። አልሳለም ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም። ስለዚህ እናቶች፣ እባካችሁ ሕፃን አትጋቱ! አፍንጫውን ይዞ አጥሚት ወይም መድኃኒት ማንቆርቆር አደገኛ ነው። ልጁ አየር ሲያጣ በአፉ ይስባል፣ የሚገባውም ፈሳሹ ነው። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡና በማንኪያ ጥቂት ጥቂት ስጡት። የመጀመሪያውን ሳይውጥ ሁለተኛውን አታስከትሉ። ራሱን ለሳተ ሰውም ውሃ በአፉ አታፍስሱ፤ መዋጥ አይችልም።

ትን ያለው ሰው በኃይል የሚያስል ከሆነ ተዉት፣ ያስል። ሳል ከሁሉ የተሻለ መድኃኒት ነው። መሳልም መናገርም ማልቀስም ካቃተው ግን ወደ ፊት አጎንብሱትና በሁለቱ ትከሻዎች መሀል በመዳፋችሁ 5 ጊዜ በደንብ ምቱት። ሕፃን ከሆነ ራሱን ዝቅ አድርጋችሁ በክንዳችሁ ላይ በሆዱ አስተኙትና እንደዚሁ አድርጉ። የማይታያችሁን ነገር በጣት ለማውጣት አትሞክሩ፣ የባሰ ወደ ውስጥ ይገባል። ወዲያውኑም ሰው ጥሩ፣ ወደ ክሊኒክ ውሰዱት። ቀጣዩን እርዳታ የጤና ሠራተኞች በተግባር እንዲያሳዩአችሁ ዛሬውኑ ጠይቁ፤ ትን ካለ በኋላ ለመማር ጊዜ የለም።