ትእዛዙ በየት ያልፋል?

የቤትን መብራት፣ የበር ቁልፍ፣ የጥበቃ ካሜራና ድምፅ ማጫወቻ አስተሳስሮ በስልክ ወይም በቃል ትእዛዝ ማንቀሳቀስ የሚያስችለውንና በተለምዶ «ስማርት ሆም» የሚባለውን ሥርዓት የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያማርጠው በዋጋና በመልክ ነው፤ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ግን ስልኩ ሲነካ ትእዛዙ በየት አልፎ አምፖሉ ዘንድ እንደሚደርስ ነው።

በ1975 (እዚህም ሆነ ከዚህ በታች እ.ኤ.አ.) ስኮትላንድ ውስጥ ፒኮ ኤሌክትሮኒክስ የተባለው ኩባንያ የፈጠረው ኤክስ 10 ለዚህ ጥያቄ ቀላል መልስ ነበረው። ተጨማሪ ሽቦ ሳይዘረጋ፣ በግድግዳው ውስጥ ባለው የኤሌክትሪክ መስመር ላይ፣ ተለዋዋጩ ቮልቴጅ ዜሮን በሚያልፍበት ቅጽበት ባለ 120 ኪሎኸርዝ አጭር ምልክት እየላከ፣ 16 የቤት ፊደላትን ከ16 የመሣሪያ ቁጥሮች ጋር በማጣመር እስከ 256 አድራሻዎችን ያዝዝ ነበር። እርግጥ አዝጋሚ ነው፤ ከአንድ ትራንስፎርመር የሚጠቀሙ ጎረቤታሞች ሳያውቁ አንድ ፊደል ከመረጡ ደግሞ አንዱ የሌላውን ሳሎን ሊያበራበት ይችላል። ቢሆንም ትእዛዙ ባሕር አይሻገርም፤ አምራቹ ቢከስርም አምፖሉ ይበራል።

ዛሬ ገበያ ላይ ካሉት መሣሪያዎች ብዙዎቹ ግን፣ ባለቤቱ ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጦ ከአናቱ በላይ ያለውን አምፖል ሲያዝ እንኳ፣ ትእዛዙን መጀመሪያ በኢንተርኔት ወደ አምራቹ ሰርቨር፣ ማለትም ሩቅ ወዳለ ማዕከላዊ ኮምፒዩተር፣ ልከው ከዚያ ያስመልሱታል። የዚህ አሠራር መዘዝ በአሜሪካ በግልጽ ታይቷል። መሣሪያዎችን የሚያገናኘው የሬቮልቭ ሳጥን በ300 ዶላር ገደማ የተሸጠ ቢሆንም፣ ኩባንያው በ2014 ኔስት በተባለ ሌላ ኩባንያ ተገዝቶ በ2016 ሰርቨሩ ሲዘጋ ከጥቅም ውጪ ሆኗል። በ2022 ኢንስቲዮን የተባለው አምራች ሰርቨሮች ያለማስጠንቀቂያ ሲቋረጡ ግን የስልክ መተግበሪያው ቢሞትም፣ ግድግዳው ላይ ያሉት ማብሪያ ማጥፊያዎች እርስ በርስ የሚነጋገሩት እዚያው ቤት ውስጥ ስለነበረ ሥራቸውን አላቆሙም፤ ኩባንያውንም ከወራት በኋላ የራሱ ተጠቃሚዎች ገዝተው አስነሥተውታል።

በጥበቃ ካሜራ ረገድ ነገሩ ይከፋል። በ2016 ሚራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም፣ ከፋብሪካ በወጡበት የይለፍ ቃል የቀሩ ካሜራዎችንና የምስል መቅረጫዎችን በገፍ ማርኮ ትላልቅ ድረ ገጾችን ለሰዓታት ያደናቀፈ ጥቃት አድርሷል። የካሜራዎቹ ባለቤቶች ግን ዕቃቸው ወንጀል ላይ መዋሉን የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም ማለት ይቻላል።

በ2022 የወጣው ማተር የተባለው የጋራ ደንብ አፕል፣ ጉግል፣ አማዞንና ሌሎችም የሚሠሯቸው መሣሪያዎች በቤት ውስጥ መረብ ላይ በቀጥታ እንዲግባቡ ያደረገ በመሆኑ ዘግይቶም ቢሆን የሚመሰገን ነው፤ ካሜራን ግን የመጀመሪያው እትሙ አላካተተም።

ከአሜሪካ በሻንጣ ዕቃ ለሚላክለት ኢትዮጵያዊ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ማብሪያ በ220 ቮልት መስመር ላይ አይገጠምም፤ ዜድ ዌቭ በተባለው ሬዲዮ የሚሠራ የአሜሪካ መሣሪያም በ908 ሜጋኸርዝ ገደማ ስለሚናገር በ868 ከሚሠራው የአውሮፓ ማገናኛ ጋር አይስማማም። ሁለቱም ቢስማሙ፣ ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ከተማ ገዢው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ራውተሩን ከውጭ መስመር አስነቅሎ፣ ስልኩንም ከዋይፋይ ብቻ አገናኝቶ አምፖሉ ሲበራና ሲጠፋ እንዲያሳየው ሻጩን መጠየቅ ይኖርበታል።