ከትንፋሹ በፊት የጉዞውን ሰዓት መርምሩ

ለተከበራችሁ የድሬዳዋ አሠሪዎች፣ የሰው ኃይል ኃላፊዎችና የጭነት ትራንስፖርት ባለቤቶች

የምጽፍላችሁ ከሳቢያን ነው። በማለዳ ሰርቪስ የሚጠብቀው የፋብሪካ ሠራተኛም፣ ከጅቡቲ መንገድ ሌሊት የገባው ሾፌርም ጎረቤቶቼ ናቸው። በር ላይ የትንፋሽ አልኮል ምርመራ የጀመራችሁም፣ ልትጀምሩ ያሰባችሁም ካላችሁ ይህን ስሙኝ።

ምርመራው ይቅር አልልም። ጠጥቶ ፎርክሊፍት የሚነዳ ሰው የሚጎዳው ራሱን ብቻ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ሠራተኛው በአካልም በአእምሮም ብቁ ሆኖ ሥራ ላይ እንዲገኝ ያዛል። ነገር ግን አዋጁ የሚናገረው ስለ ሰውየው ሁኔታ ነው፤ የአልኮል መጠን በቁጥር አላስቀመጠም። ቁጥሩን የምታወጡት እናንተ ናችሁ። በዚያ ቁጥር ሰው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ነው። አደጋ ሲደርስበትም ራሱን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ነበር ከተባለ የጉዳት ካሳውን ሊያጣ ይችላል። እንጀራ የሚያስቆርጥ መሣሪያ ትክክል መሥራቱን በየጊዜው የሚያረጋግጠው ማን ነው? አልኮል ባለው መድኃኒት አፉን የተጉመጠመጠ ሰው እንኳ ለጥቂት ደቂቃ ከፍ ያለ ቁጥር ሊያስነብብ ይችላል፤ ስለዚህ 15 ደቂቃ ጠብቆ መድገም የተለመደ ጥንቃቄ ነው። ባልደረቦቹ ተሰልፈው እያዩ አንዴ አስተንፍሶ «ተመለስ» ማለት ግን ሰውን ማዋረድ ነው።

ድሬ ላይ ከዚህም የከበደ ነገር አለ፤ ሁላችንም እያወቅነው ዝም ያልነው። መመርመሪያው ጫትን አያይም። በደወሌ በኩል ጅቡቲ ደርሶ እንዲመለስ ሰዓት የተቆረጠለት ሾፌር እንቅልፉን የሚያባርረው በምርቃና ነው። ጭነቱን አራግፎ ጋደም ሲል ምርቃናው አልለቅም ይለዋል። ያኔ ምርቃናውን የሚሰብረው መጠጥ፣ ጨብሲ፣ ይመጣል፤ ቢራም ይሁን አረቄ፣ የተገኘው። ሰውነት ደግሞ አልኮልን የሚያስወግደው በራሱ ፍጥነት ነው፤ በአማካይ በሰዓት ከአንድ ሊትር ደም 0.15 ግራም ያህል። ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ሻወር አያፋጥነውም። እኩለ ሌሊት አልፎ በደንብ ጨብሶ የተኛ ሰው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በራችሁ ሲቆም ቅሪቱ ገና ትንፋሹ ላይ ሊኖር ይችላል።

በዚያ ጠዋት መሣሪያው አልዋሸም። ያው በር ግን ሌሊቱን ሙሉ መርቅኖ፣ ዓይኑን ሳይከድን የነዳውን ሾፌር ዜሮ አስነብቦ ያሳልፈዋል። እውነት እንነጋገርና፣ ከሁለቱ የትኛው ከፊታችሁ መሪ ይዞ ቢመጣ ይሻላችኋል? እኔ ከሁለቱም መሸሽ ነው የምመርጠው። የጠጣውን ታባርሩታላችሁ፤ ያልተኛውን «ጎበዝ፣ ፈጥኖ ይደርሳል» ትሉታላችሁ። አዋጁ መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ማለቱን ደግሞ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።

ሥራ ፈላጊንም የምታስተነፍሱ ካላችሁ፣ የእሱ ነገር አጭር ነው። በመኪና ወይም በማሽን ላይ ለተግባር ፈተና የሚወጣ ሰው ያን ዕለት ይመርመር፤ ተገቢ ነው። ለመዝገብ ቤት ወይም ለሂሳብ ሥራ ማመልከቻ ይዛ የመጣችን ልጅ ማስተንፈስ ግን ለምን? ትናንት ሠርግ ላይ የጠጣችው ነገ ስለምትሠራው ሥራ የሚነግራችሁ ነገር የለም። ሥራ የቸገረው ሰው «አልተነፍስም» ለማለት አቅም እንደሌለው ስለምታውቁ ብቻ አታድርጉት።

ምርመራው የግድ ከሆነ ቁጥሩ ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር ተነጋግራችሁ በኅብረት ስምምነት ይጻፍ። ሥራ አስኪያጁም በዚያው በር፣ በዚያው መሣሪያ ይተንፍስ። ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘበት ሰው ለዕለቱ ከመሪው ይውረድ እንጂ ከሥራው አይባረር፤ የተደጋገመበትም ከመሰናበቱ በፊት ሕክምና የሚያገኝበት መንገድ ይኑር። የማንኛውም ሾፌር የትንፋሽ ውጤት ሲመዘገብ፣ ከመነሳቱ በፊት ስንት ሰዓት እንደተኛና የመድረሻ ሰዓቱን ማን እንዳወጣለት በዚያው ገጽ ላይ ይጻፍ፤ ሰዓቱን ያወጣው ሰውም ይፈርምበት።

ከአክብሮት ጋር፣
የሳቢያን ነዋሪ